የዘገየው ዲስክ አርጅቷል ወይስ ሞልቷል?

በጌዴኦ ዞን ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት የእሸት ቡና ወራት ናቸው። በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬና በገደብ ገበሬው የለቀመውን ቀይ እሸት ይዞ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ይመጣል፤ ቡናው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ኪሎው በደረሰኝና በመዝገብ ይሰፍራል። ማታ ደግሞ የቀኑ መዝገብ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ከማን ስንት ኪሎ እንደተገዛ፣ ለማን ስንት እንደተከፈለና ከማን ጋር ሒሳብ ገና እንዳልተዘጋ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ገዢው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ከሽያጭ በኋላ ለአባላት የሚከፋፈለው ትርፍ የሚሰላው እያንዳንዱ ባስረከበው ኪሎ መሠረት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ከጠፋ የገበሬው ገንዘብም አብሮ ይጠፋል።

ሥራው በተጧጧፈበት በዚህ ጊዜ ነው ኮምፒዩተሩ መዘግየት የሚጀምረው። ሲገዛ በግማሽ ደቂቃ ይነሣ የነበረው ማሽን አሁን ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ የኤክሴል ፋይል ለማስቀመጥ ያቃስታል፤ ፒችትሪ መሀል ላይ ደርቆ ይቀራል። ባለቤቱ ዲላ ከተማ ወዳለ ጥገና ቤት ይዞት ሲሄድ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ኤስኤስዲው አርጅቷል፤ ይቀየር።»

ይህ መልስ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ አላረጀም፤ መሥሪያ ቦታ አጥቷል።

ልዩነቱን ማወቅ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ያዋጣል። ዲስክ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አስቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ ሲደርስ ደግሞ መጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ይታከልበታል። ያላረጀን ዲስክ መቀየር ኪሳራ ነው፤ ያረጀውን ሳይቀይሩ መቆየት ደግሞ የከፋ ኪሳራ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የቀድሞው ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ ማጫወቻ የሚሽከረከር ሰሌዳና በላዩ የሚመላለስ ማንበቢያ አለው። ሶሊድ ስቴት ድራይቭ፣ በአጭር አጠራሩ ኤስኤስዲ፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። መረጃውን የሚይዘው በኪሳችን በምንይዘው ፍላሽ ውስጥ ባለው ዓይነት ሜሞሪ ነው። ፍላሽ ሜሞሪን የፈለሰፉት የጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፣ ዛሬ በኤስኤስዲ ውስጥ የሚገኘው ናንድ የተባለው ዓይነት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ይህ ሜሞሪ እጅግ ደቃቅ በሆኑ ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ያስቀምጣል፤ ሙሉ እንዳይፈስ በዙሪያው ስስ ግድግዳ አለ። መረጃ ማንበብ ማለት በክፍሉ ውስጥ ያለውን የሙል መጠን መለካት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዲስኮች አንድ ክፍል «ሙሉ» ወይም «ባዶ» ብቻ ነበር። ዋጋው እንዲቀንስ ሲባል በአንድ ክፍል ብዙ መረጃ ማጨቅ ተጀመረ። ቲኤልሲ የሚባለው ዓይነት 8 ልዩ ልዩ ደረጃዎችን፣ ርካሹ ኪውኤልሲ ደግሞ 16 ደረጃዎችን ይለያል። በአንድ ጣሳ ላይ ሁለት ምልክት ከማድረግና አሥራ ስድስት ምልክት ከማድረግ የትኛው ለስሕተት እንደሚቀርብ ለባለሚዛን መንገር አያስፈልግም።

ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል። ሳታ በተባለው ገመድ የሚሠራው ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል፤ ኤንቪኤምኢ የተባለው ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ታዲያ ይህን ያህል ፈጣን የሆነ ዕቃ እንዴት ይዘገያል?

የመጋዘኑ ሕግ

ነገሩን በቡና መጋዘን እንየው። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያዎች በቁልል ተደርድረዋል፤ በአንድ ቁልል 100 ጆንያ አለ እንበል። ይህ መጋዘን አንድ እንግዳ ሕግ አለው። አንድ ጆንያ ቢሸጥም ቦታው ወዲያው ለአዲስ ጆንያ አይሰጥም። ቁልሉ በሙሉ ተነሥቶ ወለሉ እስኪጠረግ ድረስ አዲስ ጆንያ እዚያ ማስቀመጥ ክልክል ነው።

የኤስኤስዲ ሕግ ይኸው ነው። መረጃ የሚጻፈው በትንሹ፣ በጆንያ ነው፤ የሚጠፋው ግን በጅምላ፣ በቁልል ነው። በመሆኑም አንድ የኤክሴል ፋይል አሻሽለን ስናስቀምጥ ዲስኩ የድሮውን ቅጂ አያርመውም። አዲሱን ቅጂ በሌላ ንጹሕ ቦታ ይጽፍና የድሮውን «የማያገለግል» ብሎ ይተወዋል። ንጹሕ ቦታ ሲያንስ በዲስኩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ የመጋዘን ሠራተኛ ይሆናል፤ ከአንድ ቁልል ላይ የሚያገለግሉትን ጆንያዎች ለይቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል፤ ከዚያም ቁልሉን ያጸዳል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። መጋዘኑ ሰፊ ቦታ ካለውና ከአንድ ቁልል ላይ የሚያገለግሉት 25 ጆንያዎች ብቻ ከሆኑ፣ ሠራተኛው 25 አዛውሮ ለ75 አዲስ ጆንያዎች ቦታ ያገኛል። መጋዘኑ ሞልቶ የሚያገለግሉት 75 ከሆኑ ግን 75 ተሸክሞ የሚያገኘው የ25 ጆንያ ቦታ ነው፤ 25 አዲስ ለማስገባት በጠቅላላው 100 ይሸከማል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። የሚያገለግሉት 90 ሲሆኑ ሸክሙ አሥር እጥፍ ይሆናል።

የዘገየው ኮምፒዩተር ምሥጢር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚው አንዲት አነስተኛ ፋይል አስቀመጠ፤ ዲስኩ ግን በውስጡ አሥር እጥፍ እየጻፈ ነው። ጉዳቱም ሁለት ነው። ሥራው ይዘገያል፤ ዲስኩም አሥር እጥፍ ይደክማል። የሞላ ዲስክ ሳይውል ሳያድር ያረጀ ዲስክ ወደ መሆን የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ከሜሞሪው ጥቂቱን ደብቀው ለመቆጣጠሪያው መተላለፊያ ያስቀራሉ። በገበያ ላይ 240 ጊጋ ባይት ተብሎ የሚሸጠው ዲስክ ብዙውን ጊዜ 256 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ያለው ነው። ይህ መተላለፊያ ግን ጠባብ ነው። ሰፊውን ቦታ መተው የባለቤቱ ድርሻ ነው።

«ተሽጧል» የሚል ማስታወሻ

ሌላው ችግር መጋዘን ሠራተኛው የትኛው ጆንያ እንደተሸጠ አለማወቁ ነው። በዊንዶውስ ላይ ፋይል ስናጠፋ የሚሰረዘው ከማውጫው ላይ ስሙ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስክ ይህን ባያውቅም ግድ አልነበረውም፤ በላዩ ላይ መጻፍ ይችላልና። ኤስኤስዲ ግን ካልተነገረው የጠፋውን ፋይል ሁሉ ንብረት መስሎት ከቁልል ወደ ቁልል ሲያመላልስ ይኖራል።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው ትሪም የተባለው ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተሩ ለዲስኩ «እነዚህ ተሽጠዋል፤ አትሸከማቸው» ብሎ የሚልክለት ማስታወሻ ነው። ዊንዶውስ ይህን ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ዊንዶውስ 7 ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ በየጊዜው ማስታወሻውን በጅምላ ይልካል። በቢሮዎች ጥግ ላይ እስከ አሁን የሚሠሩ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያላቸው ማሽኖች ግን ይህን አያውቁም። ኤስኤስዲ ቢገጠምላቸው ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናሉ፤ ከዚያ ይዘገያሉ። በአንዳንድ የዩኤስቢ ማቀፊያዎች ውስጥ የተገጠመ ዲስክም ማስታወሻው አይደርሰውም።

ጥገና ቤቶች «ፎርማት እናድርገው» ሲሉና ማሽኑ በእርግጥ ሲፈጥን የምናየውም ከዚህ የተነሣ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒዩተር ዲስኩን ፎርማት ሲያደርግ ቦታው ሁሉ ባዶ መሆኑን ለዲስኩ ይነግረዋል፤ መጋዘኑ ይጠረጋል። ይህ በትክክል የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ቀድሞ መቀዳት አለበት። በሃርድ ዲስክ ዘመን በስሕተት የጠፋን ፋይል የሚመልሱ ባለሙያዎች ነበሩ። ትሪም በሚሠራበት ኤስኤስዲ ላይ የጠፋ ፋይል ግን ቁልሉ ከተጸዳ በኋላ አይመለስም።

የመቀበያው ግቢ ሲጨናነቅ

ብዙ ሰው የሚደናገርበት ሌላ መዘግየት አለ። አዲስ ዲስክ ገዝቶ ብዙ ፎቶና ፊልም ሲገለብጥ መጀመሪያ ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶ ፍጥነቱ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ በርካሾቹ ዲስኮች ላይ የተለመደ ነው።

መፈልፈያ ጣቢያ ዘንድ የመቀበያ ግቢ እንዳለ ሁሉ፣ ዲስኩም የተወሰነ ቦታውን በቶሎ ለመቀበል ይጠቀምበታል። በዚያ ቦታ ክፍሎቹን «ሙሉ» ወይም «ባዶ» ብቻ አድርጎ በፍጥነት ይጽፍና፣ በኋላ ረጋ ብሎ ወደ 8 ወይም ወደ 16 ደረጃ ያጭቀዋል። ግቢው ሲሞላ ግን መኪናዎቹ በር ላይ ይሰለፋሉ። ለአብነት ያህል ሳምሰንግ 860 ኪውቪኦ የተባለው የ1 ቴራ ባይት ዲስክ 42 ጊጋ ባይት ያህል በፍጥነት ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 80 ሜጋ ባይት በሴኮንድ ይወርዳል። ይህ ከመልካም ሃርድ ዲስክ ያነሰ ነው።

በብዙ ዲስኮች ላይ የግቢው ስፋት በባዶው ቦታ ይወሰናል። የ1 ቴራ ባይቱ ኢንቴል 660ፒ ባዶ ሳለ 140 ጊጋ ባይት ያህል ግቢ ሲኖረው፣ ሲሞላ ወደ 12 ይጠብባል። ያው አንድ ዲስክ ነው፤ አላረጀም፤ ቦታ ብቻ አጣ።

እውነተኛው እርጅና

ዲስክ በእርግጥ ያረጃል። በተጻፈና በተጠረገ ቁጥር ሙሉን የሚይዘው ግድግዳ ይሳሳል። የቲኤልሲ ክፍሎች በጥቅሉ ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ ያህል መጻፍና መጠረግ ይችላሉ፤ የኪውኤልሲ ያንሳል። ፋብሪካው ይህን በቴራ ባይት አስልቶ ዋስትና ይሰጥበታል። ሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 250 ጊጋ ባይቱ 150 ቴራ ባይት፣ ክሩሻል ቢኤክስ500 ባለ 240 ጊጋ ባይቱ 80 ቴራ ባይት እንዲጻፍበት ዋስትና አለው።

ቁጥሩ ሲታይ ያስፈራ ይሆናል። በቀን 20 ጊጋ ባይት የሚጽፍ ቢሮ ግን፣ ይህም ለቡና መዝገብ እጅግ ብዙ ነው፣ የመጀመሪያውን ዋስትና የሚጨርሰው በ7,500 ቀን፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛውን በ4,000 ቀን፣ ወደ 11 ዓመት ገደማ ይጨርሰዋል። ሁለት ዓመት የሠራ የቢሮ ዲስክ «በመጻፍ ብዛት አርጅቷል» ሲባል ማስረጃ መጠየቅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የእርጅና መልክ ሙሉ ቀስ በቀስ መሸሹ ነው። መጠኑ ከምልክቱ ፈቀቅ ሲል መቆጣጠሪያው ደጋግሞ ይለካል፤ ማንበብም ይዘገያል። ይህ በዓለም ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሳምሰንግ 840 ኢቮ ላይ ለወራት ሳይነኩ የተቀመጡ ፋይሎች ሲነበቡ ፍጥነታቸው እጅግ ወርዶ ተገኘ። ኩባንያው በዚያው ዓመት በጥቅምት ማስተካከያ አወጣ፤ አልበቃም። በሚያዝያ 2015 ሁለተኛ ማስተካከያ አወጣ፤ እሱም የቆዩትን ፋይሎች ዲስኩ ራሱ በየጊዜው እንዲያድሳቸው የሚያደርግ ነበር። ማደሱ የሚሠራው ግን ዲስኩ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የጌዴኦ ነጋዴ ልብ ሊል ይገባል። የመፈልፈያ ጣቢያ ኮምፒዩተር ወቅታዊ ነው፤ ግዢው ሲያልቅ ይዘጋል፤ እስከሚቀጥለው ጥቅምት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይቀመጣል። ጄዴክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪ ማኅበር ለተራ ተጠቃሚ በሚሠሩ ዲስኮች ላይ ያስቀመጠው ግዴታ፣ የተፈቀደለትን ያህል ተጽፎበት የጨረሰ ዲስክ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ ሙቀት መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ነው። ለድርጅት አገልጋይ ማሽኖች በሚሠሩት ላይ ደግሞ በ40 ዲግሪ ሦስት ወር ብቻ ነው። አዲስ ዲስክ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይይዛል። ብዙ የሠራ፣ በተለይም ከድርጅት ማሽን ተነቅሎ የተሸጠ ዲስክ ግን ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶ ከከረመ አደጋ ላይ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሙሉ የሚሸሽበት ፍጥነትም ይጨምራል።

ያገለገለ ሲገዙ

ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እስከ ቡና አቅራቢ ድረስ ያገለገለ ላፕቶፕ የማይገዛ የለም። ከገንዘቡ በፊት የሚከተሉት ይታዩ።

1ኛ. ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሻጩ ባለበት ይክፈቱ። የዲስኩን ጤንነት በመቶኛ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራና በጠቅላላው ምን ያህል እንደተጻፈበት ያሳያል። የተጻፈበትን መጠን ከፋብሪካው ዋስትና ጋር ያነጻጽሩ።

2ኛ. ፍጥነቱን በትንሽ ፋይል አይፈትኑ፤ ያ የመቀበያውን ግቢ ብቻ መለካት ነው። ቢያንስ 50 ጊጋ ባይት ገልብጠው ፍጥነቱ የት ላይ እንደሚረጋ ይዩ።

3ኛ. ሐሰተኛ ዲስክ አለ። ላዩ 1 ቴራ ባይት ይላል፤ ውስጡ ትንሽ ፍላሽ ነው። ሙሉውን ጽፎ መልሶ የሚያነብ መፈተኛ ሳይሠሩበት መዝገብ አያስገቡበት። 240 የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 223 ቢል ግን ማጭበርበር አይደለም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

4ኛ. ዲስኩ ደኅና ሆኖ ማሽኑ ከዘገየ ሜሞሪውን ያስታውሱ። ራም ያነሰው ኮምፒዩተር የጎደለውን ከዲስኩ ስለሚበደር ሁለቱንም ያደክማል። ቫይረስም ያው ነው።

ምን ይደረግ?

ከዲስኩ አንድ አምስተኛውን ባዶ መተው የመጀመሪያው ነው፤ ከ240 ጊጋ ባይት 48ቱን ማለት ነው። ፊልምና ፎቶ ወደ ርካሽ ሃርድ ዲስክ ይዛወሩ። በዊንዶውስ ውስጥ «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የሚለውን ከፍቶ ዲስኩ በኤስኤስዲነት መመዝገቡንና የየጊዜው ሥራ መብራቱን ማረጋገጥ ይገባል። ለሃርድ ዲስክ የተሠሩ የድሮ ዲፍራግ ፕሮግራሞች ግን ኤስኤስዲን ያለ ጥቅም ያደክማሉ። ኤንቪኤምኢ ዲስክ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ስለሚዘገይ የአየር መውጫው አይሸፈን።

መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ የጆንያዎቹን አድራሻ የያዘበትን መዝገብ ሊያበላሽ ይችላል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያለ ዩፒኤስ፣ ላፕቶፕም በሞተ ባትሪ አይሥራ። ወቅቱ ካለፈ በኋላ የሚዘጋ ማሽን በየሁለትና በየሦስት ወሩ ተከፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ።

መቀየርስ መቼ ነው? ጤንነቱ ከ10 በመቶ ሲወርድ፣ ፋይል አልነበብ ሲል፣ ወይም ዲስኩ አንዳንዴ ከኮምፒዩተሩ ሲሰወር ነው። ያኔ ፎርማት አይጠቅምም፤ መዝገቡን በዚያው ቀን ገልብጦ አዲስ መግዛት ነው። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ይንኳኳል፤ ኤስኤስዲ ግን ድምፅ ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር ይሄዳል።

ስለሆነም ዲስኩ ያረጀም ይሁን የሞላ፣ የእሸት ግዢ መዝገብ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ማታ ማታ አንድ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ከጣቢያው ውጪ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ይያዝ። ሁለት ዲስክ መግዛት ወጪ ነው። የአንድ ወቅት የገበሬ ኪሎ ከጠፋ በኋላ ግን በየደጁ እየዞሩ «ስንት አስረክበህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የሚያስከፍለው ከዚያ የበለጠ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።